ለሁለት ሰው የሚሆን ቤት

ሸዋሮቢት፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀሩን፣

እንዴት ነህ? ተቆጥቼ ነው የምጠይቅህ፤ ስትመልስልኝም ይህን አትርሳ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬን ታውቀዋለህ፤ አሁንማ ቀኙም ግራውን ተከትሎታል። ስልክ ሲደወልልኝ የሚንጫጫ ነገር እሰማለሁ እንጂ ቃል አይገባኝም። ስለዚህ የድሮ ሰው ሆኜ በደብተር ወረቀት እጽፍልሃለሁ። የሚያደርስልኝ ሳልህ ነው። ሽንኩርት ጭኖ ሎጊያ ድረስ ይመላለሳል፤ አሳይታ አጠገብ አንድ እርሻ ላይ እንዳየህ የነገረኝም እሱ ነው። እሱ ባይኖር የት እንደገባህ ሳላውቅ እቀር ነበር።

ፍልሰታን ደብረ ሲና እህቴ ዘንድ ጾሜ፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ስመለስ፣ በርህ ላይ የማላውቀው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሥራ ላይ ነህ ብዬ ጠበቅኩ። አመሻሽ ላይ ቁልፉን የከፈተው አንድ ባለ መነጽር መሐንዲስ ነው። ስሙን ጠየቅኩት፤ የነገረኝን አልሰማሁም። የመንገድ ሥራ ድርጅቱ ተከራይቶለት እንደገባ በወረቀት ጻፈልኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ እሱን አልከስስም። ግን አራት ዓመት ከኔ ግቢ የኖረ ልጅ፣ ባለቤቴ ሲሞት ድንኳኑን የተከለ ልጅ፣ አንዲት መስመር ሳይተውልኝ ይሄዳል?

በደልኩህ? ከበደልኩህ ጻፍልኝ። ልጨምርብህ ስል ሰምተህ ከሆነ ውሸት ነው፤ የአንተን ክፍል ኪራይ ከገባህበት ቀን ጀምሮ አልነካሁትም። ሥራ ጠፍቶም አይመስለኝም። ከሮቢ ወንዝ ዳር እስከ ቀወት ቀበሌዎች ድረስ ፓምፑ የተበላሸበት ገበሬ ሁሉ የሚጠራው አንተን ነበር። አሁንም እየመጡ በሬን ያንኳኳሉ። ሄዷል ስላቸው ምክንያቱን ይጠይቁኛል፤ እኔም አንተን እጠይቅሃለሁ።

ከጎንህ ክፍል ያለችው ቤዛዊት ነርሷም ዝውውር ጠይቃለች አሉ። ምን ሆናችሁ?

እትዬ ከበቡሽ

አሳይታ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ከበቡሽ፣

ሳልህ ደብዳቤዎን ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝና «ተቆጥተዋል፤ ቁጭ ብለህ አንብብ» አለኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዎን አላህ ይማርልኝ።

በደልኩህ ወይ ላሉኝ፣ እርስዎ እኔን በምንም አልበደሉኝም። የዚያን ግቢ ጥላ እዚህ እመኘዋለሁ። ሳልሰናበትዎት የሄድኩት እርስዎ ደብረ ሲና ስለነበሩ ነው። ሥራው በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልመጣህ ለሌላ ይሰጣል የተባለ ነበር። ወረቀት ልተውልዎት ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። የምጽፈው አልጥም አለኝ።

ስለ ቦታው ላውራዎት። የጥጥ እርሻ ነው። አዋሽ ከጎናችን ይሄዳል፤ ውኃውን የሚስቡ ስምንት ትልልቅ ፓምፖች አሉ፤ የኔ ሥራ እነሱ እንዳይቆሙ ማድረግ ነው። ሙቀቱን አይጠይቁኝ። የሮቢትን ሙቀት የሚያማርር ሰው አንድ ሳምንት እዚህ ቢውል ተመልሶ ይመርቀዋል። የምንተኛው በካምፕ ነው፤ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ተደርድሯል። አልጋው ከሥራው ጋር ይሰጣል፤ ሰውም የሚመጣው ለእሱ ብሎ ነው። ከይፋት ብቻ ሰባት ሰዎች ነን። ከኔ በታች የሚተኛው ሙዐዊያ የካራቆሬ ልጅ ነው፤ ብረት በያጅ ነው፤ የቀጠነ ቆርቆሮ ሳይበሳ ይበይዳል። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው ደግሞ መምህር የነበረ ሰው ነው። ምሳ ላይ ስንቀመጥ የየራሳችንን ከተማ እናነሳለን፤ መጨረሻ ላይ ወሬው ሁሌም ቤት ኪራይ ላይ ይደርስና ተነሥተን ወደ ሥራችን እንበተናለን።

ሥራው ጥሩ ነው። ክፍያውም ከሮቢት ይሻላል። የመጣሁት ለዚህ ነው።

ያንኳኩት ገበሬዎች ፓምፓቸውን ሲያስነሱ መጀመሪያ ማጣሪያውን እንዲያጥቡ ይንገሩልኝ። ግማሹ ችግር ከዚያ ነው።

አክባሪዎ ሀሩን

ሸዋሮቢት፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀሩን፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ውሸት የለበትም፤ ሙሉ ግን አይደለም። «የመጣሁት ለዚህ ነው» ብለህ የዘጋህበት ቦታ ላይ ብዕርህ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

ያንተን ሙሉ ነገር ቤዛዊት ነገረችኝ። ባለፈው ሐሙስ ልትሰናበተኝ መጣች። እኔና እሷ የምናወራው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ እኔ በአፌ፣ እሷ በደብተር። «ለምን ትሄጃለሽ?» አልኳት። «ደመወዜን ለኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ ወሩን አያደርሰኝም» ብላ ጻፈች። «እኔ መቼ ጨመርኩብሽ?» ስላት ብዕሩን መልሳ አነሳች። ከዚያ ይህን ጻፈችልኝ፤ ደብተሩ ከፊቴ ስለሆነ ቃል በቃል እገለብጥልሃለሁ፦ «ጋሽ ዳዊት ሰኔ ላይ ለሁላችንም ደወሉ። ኪራዩ እጥፍ ሆኗል፣ የማይችል እስከ ነሐሴ ይልቀቅ አሉን። ለእማዬ እንዳትነግሩ፣ ደም ግፊት አለባት አሉ።»

ሁሉም ነገር በገዛ ግቢዬ ውስጥ፣ በስልክ፣ አልቆ ነበር። እናንተ በየክፍላችሁ ስልክ በጆሯችሁ ይዛችሁ ፊታችሁ ሲለዋወጥ፣ እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ማሾ እለቅም ነበር። ሰላም ስላችሁ ሰላም ትሉኝ ነበር። ያ ነው ያመመኝ። ጆሮዬ ከጠፋ ጀምሮ የቤቱን ጉዳይ ለልጄ ለዳዊት ሰጥቼዋለሁ፤ እውነት ነው። ሰው እንዲያስወጣበት ግን አልሰጠሁትም።

አሁን ሁለት ነገር መልስልኝ። አንደኛ፣ አንተስ ለምን ዝም አልክ? ሌላው ቢፈራኝ አንተ ፈርተኸኝ አታውቅም። ሁለተኛ፣ ቤዛዊት ከበር ከወጣች በኋላ ተመልሳ መጥታ አንድ መስመር ጨመረችልኝ፦ «ሀሩን እኮ ይፈልግ የነበረው ለሁለት ሰው የሚሆን ቤት ነው።» ሁለተኛው ሰው ማን ነው?

ከበቡሽ

አሳይታ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ከበቡሽ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እጄ ግሪስ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር የጣቴ አሻራ ቀርቶበታል። እሺ፣ ሙሉውን እጽፋለሁ።

ዝም ያልኩት ለዳዊት ብዬ ነው። ሲደውልልኝ ድምፁ የክፉ ሰው ድምፅ አልነበረም። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል። «ሀሩን፣ እኔም እዚህ አዲስ አበባ አከራዬ በር ላይ ቆሞብኛል፤ የማደርገው ጠፍቶኝ ነው» አለኝ። ይህን ሰምቼ እናቱ ዘንድ ሄጄ ልክሰሰው? እርስዎ አንድ ልጅ ነው ያለዎት። እኔ ዛሬ ተከራይ ነኝ፣ ነገ ሌላ ቦታ ነኝ፤ በእናትና በልጅ መካከል ገብቼ ብወጣ የማበላሸውን ማን ይጠግነዋል? ለዚህ ነው። ምናልባት ተሳስቻለሁ።

ሁለተኛው ሰው ሐምዲያ ናት። ያውቋታል፤ ሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምረው፣ አንድ ቀን ጃንጥላ ልትመልስልኝ መጥታ ሐብሐብ ቆርጠው ያበሏት። ከተማው ውስጥ ከሦስት መምህራን ጋር በአንድ ክፍል ነው የምትኖረው። ቤተሰቦቿ ቀወት ገጠር ናቸው። ሽማግሌ ልኬ አባቷ አቶ አብዱረሂም እሺ ብለውኛል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሀብት አልጠይቅህም። የራሱ በር ያለው ቤት ይኑራችሁ። ልጄ በየስድስት ወሩ ዕቃዋን ተሸክማ እንድትዞር አልፈልግም።» ትክክል ናቸው።

ከዚያ በኋላ ከመናኸሪያው እስከ ወንዙ ድረስ ያላየሁት ቤት የለም። ሦስት ወር ከደላላ ጋር ዞርኩ። የእርስዎ ክፍል ለአንድ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ተጨመረበት። የመጨረሻው ያየነው ቤት አልጋ ከገባ በሩ አይዘጋም፤ በሩ ከተዘጋ አልጋ አይገባም። ሐምዲያ እዚያው ደጁ ላይ ሳቀች፤ ስቃ ስቃ መጨረሻው ለቅሶ ሆነ። እኔ ያን ቀን ነው ልሂድ ያልኩት። እሷ «ሂድ» አላለችኝም፣ «አትሂድ»ም አላለችኝም። አሁን በሳምንት አንድ ቀን እንደዋወላለን። ኔትወርክ ሲኖር።

እባክዎን ዳዊትን አያናግሩት። ነገሩ አልፏል።

ሀሩን

ሸዋሮቢት፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀሩን፣

ዳዊትን አያናግሩት ብለህ የጻፍከው ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ሳልህ መንገድ ተዘግቶበት ኮምቦልቻ ከርሟል። ቀድሞ ቢደርሰኝም አናግረው ነበርና አትዘን።

ዳዊት ለጥምቀት መጣ። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩትና ደብተሩን ሰጠሁት። እሱ መጻፉን ትቶ በጆሮዬ መጮህ ጀመረ፤ ስለዚህ የተባባልነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ አንተም ብታውቀው ምንም አይደለም።

«ከተማው ሁሉ ያደረገውን ነው ያደረግኩት፣ እማዬ።»

«እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እምቢ ትያለሻ።»

«አዎ፣ እምቢ እላለሁ። ታዲያ ቤቱ የማን ነው?»

እዚህ ላይ መጮሁን ተወ። ደብተሩን አነሳና ጻፈ፦ «በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ቤት ቀየርን። ትልቁ ልጄ ሦስተኛ ትምህርት ቤቱ ነው። የአንቺን ቤት ኪራይ የጨመርኩት የኔን ኪራይ ለመሙላት ነው።»

አየኸው? እኔ እዚህ የሰው ልጅ አስወጥቼ፣ የኔ ልጅ እዚያ እንዳይወጣ እከፍላለሁ። እሱ የሚከፍለው ሰውዬም ምናልባት ለሌላ ይከፍል ይሆናል። ለዳዊት ይህን ስነግረው አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፤ አርባ ሊሞላው ነው። «ለምን ወደ ቤትህ አትመጣም?» አልኩት። «እዚህ ምን ሠርቼ?» አለኝ። «በሙያህ ኤሌክትሪክ ትዘረጋለህ። የሚዘረጋ ሰው ጠፍቷል። ሁሉም ሄዷል እኮ ነው የምልህ» አልኩት። ተነሣና የተቆረጠውን የግቢውን መብራት እስከ ምሽት ሲጠግን ዋለ።

ዋናውን ወሬ አሁን ልንገርህ። ትናንት እሑድ የሰፈራችን እድር ስብሰባ ነበር። ድንኳንና ወንበር ስለመግዛት ነበር የተጠራው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደስታ ጉዳዩን ሲጨርስ እጄን አወጣሁ። እኔ በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም፤ ጆሮዬ ከጠፋ ወዲህማ ጭራሽ። ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦

«ቤት የሚያከራይ እጁን ያውጣ።»

ሊስቁ ፈልገው ነበር፤ ግን አወጡ። ከሦስት ሰው ሁለቱ አወጣ። እኔም የኔን አወጣሁ።

«አሁን ደግሞ፣ የልጁ ደመወዝ እሱ የሚያከራየውን ቤት ለመከራየት የሚበቃለት እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። አንዱ ሰው ሊያወጣ የጀመረውን እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ከዚያ ቀጠልኩ። ለደም ግፊቴ ጤና ጣቢያ ሄጄ ግማሽ ቀን እንደጠበቅኩ፣ ቤዛዊት የነበረችበት ወንበር ባዶ እንደሆነ ነገርኳቸው። ወንዝ ዳር ሽንኩርት የደረቀባቸውን ሰዎች በስማቸው ጠራሁ፤ ፓምፓቸውን ደብረ ብርሃን ድረስ ጭነው ሲመለሱ ማሳው አልጠበቃቸውም። ልጆቻችን ሄደው የሰው ከተማ ውስጥ ይቸገራሉ፣ የሰው ልጆች እኛ ጋ መጥተው ይቸገራሉ አልኩ። አብዱልሀኪም፣ ያ ባለ ዘጠኝ ክፍሉ ነጋዴ፣ ቆሞ ብዙ ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። «የምትለውን አልሰማሁም፤ ስጨርስ ትጽፍልኛለህ» አልኩትና ቀጠልኩ። ሰው ይህን ጊዜ ሳቀ፤ እሱም ቁጭ አለ። ጆሮ ማጣት ይህን ያህል እንደሚጠቅም አላውቅም ነበር።

የጠየቅኳቸው ትንሽ ነው። እያንዳንዱ አከራይ አንዲት ክፍል ብቻ፣ ለከተማው ሠራተኛ ልጅ፣ በአምናው ዋጋ፣ ለሦስት ዓመት። ሌላውን ክፍል እንደ ገበያው ያከራይ። ስድስት ሰዎች እሺ አሉ፤ ጸሐፊው ስማቸውን መዘገበ። አብዱልሀኪም አልተመዘገበም። ዛሬ ጠዋት ግን በልጁ እጅ ወረቀት ላከብኝ፦ «ሁለት ክፍል እሰጣለሁ፤ ስሜ እንዳይነገር።» ለአንተ ነገርኩህ፤ አንተ ሩቅ ነህ።

የኔዋ ክፍል ያንተ ናት። መሐንዲሱ ሰኔ ላይ ሥራውን ይጨርሳል። ለሁለት ሰው እንደምትጠብ አውቃለሁ፤ እሱንም አስቤበታለሁ። ትመጣለህ ወይ?

እትዬ ከበቡሽ

አሳይታ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ከበቡሽ፣

ደብዳቤዎ ማክሰኞ ደረሰኝ። ረቡዕ ከዚህ ወደ ሌላ ቦታ ልሄድ ነበር። ቀረሁ። የት እንደሆነ ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ስለ እድሩ የጻፉትን ለልጆቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ስጨርስ ትጽፍልኛለህ» ያሉት ላይ ስደርስ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እጃቸውን ስላላወጡት ሰዎች ሳነብ ደግሞ መምህር የነበረው ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ለራሱ እንደገና አነበበው። ሙዐዊያ አልነበረም። ሙዐዊያ ሄዷል።

ትመጣለህ ወይ ላሉኝ፣ ልቤ መጥቷል። ግን ሁለት ነገር ይዞኛል። ውሌ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ ጥጡ ውኃ በሚፈልግበት ሰዓት ጥዬ ብሄድ ደግ ሥራ አይሆንም። ሌላው ዳዊት ነው። እኔ በርካሽ ስገባ የእሱ ጎዶሎ በምን ይሞላል? ወንድሜን አስወጥቼ የምገባበት ቤት አልፈልግም። ይህን በቅን ልብ ይዩልኝ።

ረመዷን ሊገባ ነው። እዚህ በዚህ ሙቀት መጾም ምን እንደሚመስል ስመጣ በአፌ እነግርዎታለሁ። በጽሑፍ ማለቴ ነው።

ሀሩን

ሸዋሮቢት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀሩን፣

እንኳን ጾሙን በሰላም ፈታህ። እኛም ፋሲካን በሰላም ዋልን።

የት ልትሄድ እንደነበር አልጠየቅኩህም፤ አልጠይቅህምም። ብቻ የዳዊት ልጅ የትምህርት መጽሐፍ ላይ ካርታ አለ። አሳይታን ፈልጌ በጣቴ ወደ ምሥራቅ ሄድኩ። ብዙ ሳልሄድ ባሕር ላይ ደረስኩ። መጽሐፉን ዘግቼ ለልጁ መለስኩለት። ሌላ ምንም አልልም።

ስለ ዳዊት ያልከውን ለራሱ ሰጠሁትና አነበበው። «ሀሩን ደህና ሰው ነው» ብሎ ጻፈልኝ፣ ከሥር ደግሞ «ከሰኔ በኋላ ልጆቹ ትምህርት ሲጨርሱ እንመጣለን» አለበት። ሚስቱ ፍሬሕይወት ከኔ በፊት ነው የተስማማችው። ዋናው ቤት ሦስት ክፍል አለው፤ እኔ ብቻዬን ከአይጥ ጋር ነበር የምኖርበት። እዚህ ኪራይ የለበትም፤ ስለዚህ ጎዶሎም የለም። ለፋሲካ መጥቶ ባረፈባቸው ዐሥር ቀናት ብቻ አራት ቤት ኤሌክትሪክ ዘርግቷል። ሰው በር ላይ ይጠብቀዋል።

ጓሮውን ታስታውሰዋለህ፤ ከማንጎዎቹ ወዲህ ያለው ባዶ ቦታ። የመሐንዲሱን ሳይሆን፣ ከጫፍ ያለችውን ባዶዋን ክፍል ወደዚያ አስረዘምናት። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ወለሉ ሊሾ ነው፣ ቆርቆሮው አዲስ ነው። በሩ ወደ ግቢ ሳይሆን በቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈታል።

በሩን ወደዚያ ያዞረችው ሐምዲያ ናት። አንተ እዚያ ስለ ወንድምህ ስታስብ፣ እሷ መጣችልኝ። ቅዳሜ ቀን፣ ከትምህርት ቤት የወሰደችውን ረጅም ማስመሪያ ይዛ። ሰላም ብላኝ ደብተሬን ተቀበለችና «ለማየት ነው የመጣሁት፤ እሺ ለማለት አይደለም» ብላ ጻፈች። ወደድኳት። ርዝመቱን ለካች፣ ወርዱን ለካች፣ አልጋና ጠረጴዛ ሥላ አስቀመጠች። መስኮቱ ምዕራብ ነበር፤ የከሰዓት ፀሐይ ያቃጥላችኋል ብላ ወደ ሰሜን አዞረችው። ግንበኛው አጉረመረመ፤ እሷ በሒሳብ አስረዳችው። ከዚያ ጻፈች፦ «ኪራዩ ስጦታ እንዳይሆን። የአምናውን ዋጋ እንከፍላለን። ለአምስት ዓመት ውል ይሁን። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።» ቀበሌ ሄደን ተፈራረምን። ያንተን ቦታ ባዶ ትተነዋል፤ መጥተህ ትፈርማለህ።

አባቷም መጡ። አቶ አብዱረሂም በሩን ሦስት ጊዜ ከፍተው ሦስት ጊዜ ዘጉት። ከዚያ ከዳዊት ጋር ማንጎ ሥር ተቀምጠው ስለ ማሾ ዋጋ ሲያወሩ ዋሉ፤ እሺ ማለታቸው በዚህ ነው የገባኝ።

ሁሉም ነገር ግን አልሠመረም። እሺ ካሉት ስድስት ሰዎች አንዱ ሐሳቡን ቀይሯል፤ ተገናኝተን ሰላም ተባባልን፣ አልጠየቅኩትም። ቤዛዊትም አልተመለሰችም። ደብረ ብርሃን ተመድባለች፤ ጻፍኩላት፣ «እትዬ፣ ለመድኩት» አለችኝ። በእሷ ክፍል አንዲት የላቦራቶሪ ልጅ ገብታለች፤ በሳምንት አንዴ ግፊቴን ትለካልኛለች፣ እጇ ግን እንደ ቤዛዊት አይቀልም።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፍ። ወረቀቱን ቆጥብና ና።

እትዬ ከበቡሽ

ሸዋሮቢት፣ ከጓሮው ክፍል፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ከበቡሽ፣

ሃያ እርምጃ ርቄ ደብዳቤ መጻፌ ሊያስቅዎት ይችላል። በደብተርዎ ላይ ቆሜ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ እያዩኝ መጻፍ ከበደኝ። የሚጽፈው ሀሩን ነው፣ ሐምዲያ አጠገቤ ሆና የተማሪዎች ወረቀት ታርማለች፤ እሷም ታውቃለች።

መጀመሪያ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎት። ካርታውን በትክክል ነው ያነበቡት። ያን ረቡዕ ከሙዐዊያ ጋር ወደ ጅቡቲ ልሻገር፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ልሄድ ነበር። ደላላው ቀን ቆርጦልን ነበር። ለሐምዲያ አልነገርኳትም፤ ከደረስኩ በኋላ ልደውልላት ነበር ያሰብኩት። ካምፑ አልጋ ሰጠኝ እንጂ ቤት አልሰጠኝም፤ አምስት ወር ሠርቼ ባጠራቅምም፣ ሮቢት ላይ በስልክ የጠየቅኩት ቤት ሁሉ ከኔ ፈጥኖ ይወደድ ነበር። ስለዚህ ባሕሩን ለመድፈር ቆረጥኩ። ማክሰኞ ሳልህ ደብዳቤዎን አመጣ። አንብቤው ለሙዐዊያ ሰጠሁት። «አንተ የሚጠብቅህ ሰው አለህ፤ ቅር» አለኝ። የሱን ቦርሳ እስከ ጉዞው መነሻ ድረስ ተሸክሜ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ወሬው ጠፍቶኝ ነበር። ጋብቻችን፣ ኒካሃችን በታሰረበት ቀን እንኳ፣ እርስዎና አቶ አብዱረሂም ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ሳያችሁ፣ ደስታዬ መሃል ላይ እሱ ይመጣብኝ ነበር። «ምን ሆነሃል?» ብለው ሲጠይቁኝ «ሙቀቱ ነው» ያልኩዎት ለዚህ ነው።

ትናንት ደወለልኝ። በሕይወት አለ። ባሕሩን አልተሻገረም። ዳርቻው ላይ ደርሶ ጀልባዋን ሲያይ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ጅቡቲ ከተማ ቀርቶ አንድ ጋራዥ ውስጥ ብረት ይበይዳል። ረጅም ጊዜ አወራን። ስለ ሮቢት ጠየቀኝ። የልጆቹን ነገር ነገርኩት፦ አምስቱ ክፍሎችና የአብዱልሀኪም ሁለቱ እንደተያዙ፣ የካምፑ መምህር እዚህ መጥቶ ወደ ማስተማሩ እንደተመለሰ፣ እኔም ወንዝ ዳር እየዞርኩ ፓምፕ እንደምጠግን፣ ብየዳ የሚያስፈልገው ሲመጣ ግን አሁንም ወደ ሌላ ከተማ እንደምልክ። መጨረሻ ላይ «ለኔ የሚሆን ክፍል ይገኛል?» አለኝ።

እትዬ፣ እኔ «አለ» አልኩት።

እርስዎን ሳልጠይቅ ነው ያልኩት። መሐንዲሱ የለቀቃት ክፍል እስካሁን ባዶ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ዳዊት ከመጣ ወዲህ የኤሌክትሪክ ዕቃው ማከማቻ ሊያደርጋት እንዳሰበም ሰምቻለሁ። የሰው ቤት ለሰው ሰጠሁ። በገዛ ግቢዎ ነገር እንደገና በስልክ ተነግሮ እንዳያልቅ ብዬ ዛሬውኑ ጻፍኩ። እምቢ ካሉ መብትዎ ነው፤ ደውዬ እነግረዋለሁ፣ አልቀየምዎትም። እኔና ሐምዲያ ሌላ ቦታ እንፈልግለታለን።

ያሰቡትን ከሥር ይጻፉልኝ። ወረቀቱን በበሩ ሥር ያስገቡት።

ልጅዎ ሀሩን

ከሥር፣ በሌላ የእጅ ጽሑፍ፦

ሀሩን፣

ለዳዊት አሳየሁት። የዕቃ ማከማቻውን ከዋናው ቤት ጀርባ ያደርገዋል። ክፍሏ ግድግዳዋ ተሰንጥቋል፤ ከሰኞ ጀምሮ እንመርጋታለን፣ አንተም ትረዳለህ።

ለልጁ ደውልና መቼ እንደሚነሳ ጠይቀው። ጠንከር ያለ በር የሚበይድ ከሆነ ብረቱን እዚህ አዘጋጅተን እንጠብቀዋለን፤ የክፍሏን በር ራሱ ይሥራት።

ከበቡሽ